ከኩርባው ወዲህ

«አንቱ እኮ ተኝተው ነበር፣ ሸኽ» አለ አህመዲን። «ከለቅሶ የተመለሰ ሰው መኪና ላይ ካልተኛ የት ይተኛል?»

አፍናን ይህን የሰማችው ከግድግዳው ማዶ፣ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ እንዳለች ነው። የጭቃው ልስን ከተሰነጠቀ ቆይቷል። በእሷ ክፍልና በእንግዳ መቀበያው መሃል ከአሮጌ ጋዜጣ ሌላ የረባ ነገር የለም፤ በዚያ በኩል ያነጠሰ ሰው በዚህ በኩል የርሐሙከላህ ይባላል። አባቷ መልስ እስኪሰጡ ጠበቀች። ብርጭቆ ሰሃኑ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማት። ከዚያ አህመዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ወንድሟ ስለ ጠልሐ ማውራት ጀመረ። ኮንትራቱ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ ከላይ ሰው ቀንሱ የሚል ትእዛዝ እንደመጣ፣ እሱ ግን ለሸኽ ሲል የሚቻለውን ሁሉ እያደረገ እንደሆነ፣ እንዲያውም ቋሚ የሚሆንበትን መንገድ እያሰበ እንደሆነ ነገራቸው። ማስፈራሪያ የሚመስል አንድ ቃል አልወጣውም። ሲነሳ የአባቷን እጅ ስሟል፤ ባታየውም ታውቃለች። በልጅነቱ አሊፍ ባ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸውና እጃቸውን ሳይስም ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። «በሉ ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ወጣ። ወዲያው ከደጅ የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ እሷ ስትነዳው የከረመችው ፒካፕ ነው። ማርሹ ሲንኳኳ ሰማችና ጥርሷን ነከሰች።

ነገሩ የተጀመረው ሸኽ ከለቅሶ በተመለሱበት ሐሙስ ነው። አፍናን የአንድ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት ሹፌር ናት። አህመዲን የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ጠልሐም እዚያው ዕቃ ግምጃ ቤት በኮንትራት ይሠራል። አባቷ ሸኽ ሷሊህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ያወጣች ጊዜ አልከለከሏትም፣ አልመረቋትምም፤ ግን በራፋቸው ላይ በምታቆመው መኪና አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረው አያውቁም ነበር። ያን ዕለት ኩታበር የአጎታቸው ልጅ ሞቶባቸው ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ከአፍናንና ከአህመዲን ጋር ደሴ ላይ ተገናኙ። ሚኒባስ እፈልጋለሁ ቢሉም አህመዲን አሻፈረኝ ብሎ አሳፈራቸው። አፍናን ደስ አላት። የፊተኛውን መቀመጫ ጠርጋ፣ ወደ ኋላ ትንሽ አዘንብላ፣ ቀበቶውን ራሷ አሰረችላቸው፤ አህመዲን ከኋላ ገባ። እስከ አቅስታ ድረስ ነዳች። አንድ ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና ጀርባ ሳትቸኩል ስትከተል አባቷ «ባረከላህ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት ባይታወቅም እሷ ለራሷ ወሰደችው። አቅስታ ሻይ ጠጥተው ሲወጡ ግን አህመዲን ቁልፉን ከእጇ ተቀበላት። «ሸኽን እንኳ በሴት አላስነዳም፤ ዛሬ የማደርሳቸው እኔ ነኝ» አለ። መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚናገረው ነው የጠፋው። እሷ ወደ ኋላ ሄደች።

ገበያ የዋለባት አንዲት የመንገድ ዳር መንደር ሲደርሱ፣ የፍጥነት መለኪያ የያዘ ትራፊክ እጁን አነሳ። አህመዲን እንዳላየ ሆኖ አለፈው። በግ እየጎተተች ታቋርጥ የነበረች ሴትዮ ከነበጓ ቦይ ውስጥ ገባች። ሸኽ ሷሊህ የበሩን መያዣ ጨምድደው «ቀስ በል ልጄ፣ ሰው አለ! ኧረ በአላህ!» ብለው ጮኹ። አፍናን አባቷ እንዲያ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም። ከመንደሩ ወጥተው ኩርባውን እንደታጠፉ መኪናው ቆመ። አህመዲን ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና «ነይ ያዢ» አላት። ምን እንዳሰበ ስለገባት ትንሽ ዘገየች። «ሹፌሯ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ነይ እንጂ!» ወረደች፤ ያዘች። የመካነ ሰላም መግቢያ ኬላ ላይ ሳጅን አስናቀው የሚባለው ትራፊክ ተደውሎለት እየጠበቀ ነበር። ማን ነዳ ብሎ አልጠየቀም፤ መሪው ላይ ያገኛት እሷን ነው። ከተፈቀደው እጥፍ የሚጠጋ ፍጥነት ጻፈ፣ መንጃ ፈቃዷን ያዘ፣ የክሱን ወረቀት ሰጣት። ሸኽ ሷሊህ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ተቀምጠው ነበር። እሷም አልተናገረች፣ እሳቸውም አልተናገሩ።

በማግስቱ አህመዲን ቢሮው ጠርቶ «ቅጣቷን እኔ እከፍላታለሁ፣ ምን አስጨነቀሽ?» አላት። ያስጨነቃት ገንዘቡ አልነበረም። ሳጅኑ እንደነገራት በዚህ ያህል ፍጥነት የተያዘ ሹፌር መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ይታገዳል፤ ፋይሉ ላይ የሰፈረውም አይፋቅም። ገበያተኛ መሃል የበረረች ሴት ሹፌር የሚል ስም ይዛ ማን ዘንድ ሄዳ ሥራ ትጠይቃለች? ስለዚህ ሳጅኑ ትቀበያለሽ ወይስ ፍርድ ቤት ትከራከሪያለሽ ሲላት እከራከራለሁ አለችው። ካለችው በኋላ ግን ልቧ ሲያመነታ ሰነበተ። ዳኛ ፊት ቀርቦም ቢሆን አምኖ መገላገል ይቻላል ብሏታል ሳጅኑ። ቀጠሮው ዛሬ ነው።

ወደ እንግዳ መቀበያው ስትገባ አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። የአህመዲን ብርጭቆ ግማሹ ሳይጠጣ ቀርቷል። ከጎኑ ያመጣው የስኳር ከረጢት ተቀምጧል፤ ስኳር በጠፋበትና ዋጋው በየሳምንቱ በሚጨምርበት ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ከከረጢቱ ላይ አሸሹ።

«አባባ፣ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ይመጣሉ?»

ሙስበሃው በጣቶቻቸው መሃል አንድ አንድ እያለ አለፈ። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ከባድ ነገር ሁሉ የሚመለሰው እንዲህ በዝምታ ነው። «ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል።»

«እንግዲህ አላህ ያለው ነው» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺም እንቢም አልነበረም።

ግቢው ውስጥ የጠልሐ ሚስት ፈዲላ ልብስ ታጥባለች። እርግዝናዋ ገፍቷል፤ ከሳፋው ፊት በርጩማ ላይ እግሯን ከፍታ ተቀምጣ፣ በየመሃሉ ወገቧን እየያዘች ታሻለች። ክሱ ከመጣ ወዲህ አፍናንን አናግራት አታውቅም። ምግቧን ክፍሏ በር ላይ ታስቀምጥና ትሄዳለች፤ ጠልሐም ማልዶ እየወጣ አምሽቶ ይገባል። ድሮ እኮ ሁለቱ ሴቶች አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው እስኪደክማቸው ሲስቁ ያመሹ ነበር። አፍናን አልፋት ልትወጣ ስትል ፈዲላ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አፍናን፣ ወላሂ ሐቅሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠልሐም ያውቃል። ግን አንቺ ለስድስት ወር ነው የምትቀመጪው፤ ስድስት ወር ያልፋል። እሱ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ይሄስ?» አለችና በሳሙና እጇ ሆዷን አሳየቻት።

አፍናን ክፉ ቃል ፈለገች፤ አጣች። ፈዲላ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ እሱ ነው የከፋው። «በርዶሻል፣ ውሃ አሙቀሽ እጠቢ» ብላት ወጣች።

ውርጩ ገና አልለቀቀም። ባሕር ዛፎቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ፀሐይ ይዘው ሥራቸው ግን በጉም ተሸፍኗል። ባለባጃጁ ዋጋ ጨምሯል ብሎ ሲከራከራት ትታው በእግሯ ወረደች። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት የቢሮው ጸሐፊ በለጥሻቸው ጋቢዋን ተከናንባ ትጠብቃት ነበር። በዕድሜ እናቷ ትሆናለች፤ ከቢሮው ሰው ይህን ሰሞን በመንገድ ሲያገኛት ሰላም የሚላት እሷ ብቻ ናት። ሻይ አዘዘችላት። ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራች፣ ቤት አከራይዋ እንደገና እጨምራለሁ ማለቱን አወራች፣ የልጇ የሥርጉት የትምህርት ቤት ጫማ በሁለት ወሩ መቀደዱን አወራች። ብርጭቆዋን ካጋመሰች በኋላ ድምፇን ቀነሰች።

«ትናንት ማስታወቂያ አስጽፎኛል። ሹፌር ይፈለጋል የሚል።»

«ተጨማሪ ነው?»

«የምን ተጨማሪ፣ አንዲት መኪና ይዘን? በአንቺ ቦታ ነው እንጂ።»

«እንዲህ ከሆነማ ብረታም አይመልሰኝም።»

«አይመልስሽም። አምነሽ ብትወጪም፣ ተከራክረሽ ብትረቺም ያው ነው። እኔ ብሆን አምኜ እገላገል ነበር።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ በሕይወቴ አንድ ነገር ይዤ አልተከራከርኩም።»

አፍናን ይህን ስትሰማ መፍራት ሲገባት ቀለላት። ሥራው ከሄደ፣ የቀራት ያልሠራችውን አልሠራሁም ማለት ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልጋት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ መሃል ገብተው ፍረዱን የሚላቸው፣ ቃላቸው እንደ ፊርማ የሚቆጠርላቸው አባቷ ናቸው። «እከራከራለሁ» አለች። በለጥሻቸው የሻዩን ከፍላ፣ አብሽሪ ብላት፣ ሰው አብረው እንዳያያቸው በሌላ በኩል ሄደች።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። አግዳሚዎቹ ላይ በድንበር የተካሰሱ ገበሬዎች፣ በፍየል የተጣሉ ሁለት እህትማማቾች፣ ጋቢና ፎጣ፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ ከካባቸው ሥር ወፍራም ሹራብ ደርበዋል። አፍናን ስሟ ሲጠራ ተነስታ ዞር ስትል በመጨረሻው አግዳሚ ጥግ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳሳመሩ፣ አባቷን አየቻቸው። መጡ! ከቤት ከወጣች ጀምሮ ይህን ያህል ስትጠብቃቸው እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው።

ሳጅን አስናቀው የሚያውቀውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ኬላው ላይ መሪ ይዛ ያገኛት እሷን ነው፤ መንደሩ ውስጥ ማን እንደነዳ ግን እሱ አላየም፤ የለካው ባልደረባውም መኪናዋንና ታርጋዋን እንጂ የሹፌሩን ፊት አልለየም። ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ።

«የነዳሽው አንቺ ካልሆንሽ ማን ነበር?»

«አለቃዬ፣ አቶ አህመዲን። ከኩርባው ወዲህ ነው የተለዋወጥነው።»

ከኋላዋ ሰው ተንሾካሾከ። «ለምን ያን ጊዜ ለፖሊሱ አልተናገርሽም?»

«አለቃዬ ስለሆነ ነው።»

«መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው ነበረ?»

«አባቴ ነበሩ። እዚህ አሉ።»

ሸኽ ሷሊህ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ገበሬዎቹ ሳይነገራቸው እግራቸውን ሰበሰቡላቸው፤ ዳኛው እንኳ ወንበር እንዲሰጣቸው በእጃቸው አመለከቱ። የችሎቱ አስተናባሪ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ቁርኣን ከመሳቢያው አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ። «ቀኝ እጅዎን ይጫኑና የምልዎትን ይበሉ።»

ሸኽ እጃቸውን አላነሱም። «ውዱእ የለኝም» አሉ።

ዳኛው ቅር ሳይላቸው «ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ አድርገው ይመለሱ፤ እንጠብቃለን» አሉ። ሸኽ ሷሊህ ቀስ ብለው ወጡ።

አፍናን ቆማ ቀረች። አባቷ ያለ ውዱእ ደጅ የወጡበትን ቀን አታስታውስም። ከንጋቱ ሱብሒ ጀምሮ እስከ ማታው ዒሻ፣ በፈረሰባቸው ቁጥር በዚህ ብርድ ተነስተው ያድሳሉ፤ ታመው እንኳ የውዱእ ጀበናውን አልጋቸው ሥር ያስቀምጡታል። ወይ አፍርሰውት ዝም ብለው መጥተዋል፣ ወይ አሁን ዋሽተዋል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ አልቻለችም። በመስኮቱ በኩል ቧንቧው ይታያል። አባቷ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ታጠቡ። ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ራሳቸውን አበሱ፣ እግራቸውንም ታጠቡ። ጨረሱ ስትል ደግሞ ከእጃቸው ጀመሩ። ውሃው ከበረዶ አይሻልም። ሳጅኑ ሰዓቱን አየ፣ ከፍየል ባለቤቶቹ አንዷ አዛጋች። ሸኽ ለሦስተኛ ጊዜ ከእጃቸው ሲጀምሩ ገባት። እኚህ ሰውዬ ወደዚህ ክፍል ተመልሰው የሚናገሩት እውነት ቢሆን ኖሮ አንድ ውዱእ ይበቃቸው ነበር።

እዚህ ላይ የተነሳባት ቁጣ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ዝም ብላ ታያቸው ነበር። ግን በልጅነቷ ያንኑ እጅ ይዛ መስጊድ በር ድረስ የሄደችባቸው ጠዋቶች አሉ። ያ እጅ ነጩ ጨርቅ ላይ አርፎ፣ ያ አፍ ተኝቼ ነበር ሲል ቆማ መስማት አልቻለችም።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለች። «ክርክሬን ትቻለሁ። የነዳሁት እኔ ነኝ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አሁን አልነዳሁም አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ያስገደደሽ ሰው አለ?» አሉና እሳቸውም በመስኮቱ በኩል አዩ።

«የለም።»

ሸኽ ሷሊህ እጅጌያቸው እስከ ክርን ርሶ፣ እጆቻቸውን ምንም እንዳይነኩ ከፍ አድርገው ሲገቡ፣ ዳኛው ፍርድ ቤት መጫወቻ እንዳልሆነ እየነገሯት ነበር። ቅጣቱ ተነበበ፤ መንጃ ፈቃዷ ለስድስት ወር ታገደ። አስተናባሪው ወደ ሸኽ ጠጋ ብሎ ጉዳዩ እንዳለቀ፣ መማል እንደማያስፈልጋቸው ነገራቸው። አፍናን የአባቷን ፊት አየች። ትከሻቸው ወረደ፣ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። ያየችው እፎይታ ነው። ያንን ባላየች ይሻላት ነበር።

ወደ ቤት አብረው ወጡ። ሸኽ ከፊት፣ እሷ አንድ እርምጃ ከኋላ። ሲሄዱ አንዴም አልዞሩም። ለምን ተውሽው አላሏትም፤ እሷም ምን ሊሉ ነበር አላለቻቸውም። እሷ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ነበር የምትሄደው። አባቴ አልዋሹም፤ እኔ ዋሽቼ ይሆናል እንጂ እሳቸው አልዋሹም። ይህን ካተረፍኩ ይበቃኛል እያለች ለራሷ ትደጋግማለች።

መታጠፊያው ላይ አባ ወልደሩፋኤልን አገኟቸው። የሰፈሩ ቄስና የአባቷ የብዙ ዘመን ወዳጅ ናቸው፤ በዒድ እሳቸው ይመጣሉ፣ በፋሲካ አባቷ ይሄዳሉ። ተጨባበጡ፣ ስለ ጤና፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ውርጩ ተጠያየቁ። ከዚያ ቄሱ ወደ አፍናን እያዩ «የልጅቱ ነገር እንዴት ሆነ? ሌላ ሰው ነው የነዳው እያሉ ሲያወሩ ሰማሁ» አሉ።

ማንም ቁርኣን አላቀረበም። ማንም ይማሉ አላለም። መንገዱ ላይ ከሦስቱ ሌላ ሰው አልነበረም፤ «ተዉት፣ ያለፈ ነው» ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር።

«የለም፣ የለም» አሉ ሸኽ ሷሊህ። «እሷው ናት። ፈጥናለች። እኔም ቀስ በይ ልጄ ብያት ነበር፤ ልጅነት ነው፣ ዱዓ አድርጉላት።»

አባ ወልደሩፋኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀላቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ቀስ በይ ልጄ። ነፍስ ይዘሽ ነው የምትሄጂው።»

«እሺ አባ» አለች አፍናን።

ምሳ ቀርቦ ነበር። ጠልሐ በዚህ ሰዓት ቤት ከተገኘ ስንት ጊዜው ነው! ወሬው ቀድሟቸው እንደደረሰ ከበሩ ያስታውቃል። ፈዲላ ተነስታ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች፤ አሙቃዋለች፤ መጀመሪያም ለአፍናን ነው ያስታጠበቻት። ጠልሐ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ ቦታ ለቀቀላት። የሥጋ ወጥ ነው። ማንም የአዘቦት ቀን እንደሆነ አላስታወሰም። ጠልሐ አንድ የግምጃ ቤት ወሬ ጀመረ፣ ፈዲላ ከሚገባው በላይ ሳቀች፣ ቤቱ ያን ሁሉ ሰሞን የራቀው ሙቀት አንድ ጊዜ ተመልሶ ገባበት። አፍናን በላች። ርቧት ነበርና በላች።

ሸኽ ሷሊህ ቢስሚላህ ብለው አንድ ሁለቴ ጎረሱ። ከፊታቸው ያለውን ሥጋ አንስተው በእንጀራ በደንብ ጠቀለሉት፤ እጅጌያቸው ገና አልደረቀም። ከዚያ እጃቸውን ከትሪው በላይ ወደ እሷ ዘረጉ። መኪና ከያዘች ወዲህ አጉርሰዋት አያውቁም። እጁ ፊቷ ላይ ቆመ። ጠልሐ ወሬውን አቋረጠ።

የአባት እጅ ተዘርግቶ አይመለስም። አፍናን አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ጉንጯን ሞላው።

«አላህ ይካስሽ» አሉ ሸኽ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማ ቀስ ብለው።

አላመጠች። ለረጅም ጊዜ አላመጠች፤ ሁሉም ተመልሰው መብላት ጀመሩ፣ ጠልሐም ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ። እሷ ግን ገና አልዋጠችም ነበር።